ልጥፍ ሰፈር የወሰደው ወዳጅ

ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በሚመለሰው ሚኒባስ ኋላ ወንበር ላይ ጥግ ይዘው የተቀመጡትን አቶ እንዳለን፣ «ከጎንዎ ማን ይቀመጥ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ «የፈለገው ይቀመጥ፤ የኑርዬ ልጅ ብቻ አትሁን» ባሉት ነበር። ረዳቱ ግን ሳይጠይቃቸው ያቺኑ የኑርዬን ልጅ አምጥቶ ከጎናቸው ወሸቃት።

«ውይ ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ? እንደምን ዋሉ?» አለች ራህመት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እያስተካከለች። «ለቅሶ መምጣትዎን ሰምቻለሁ። ያጽናዎት።»

«አሜን» አሉ አቶ እንዳለ፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ።

ራህመት ውጫሌ ውስጥ አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቿን አስጠንታ ስትጨርስ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። አቶ እንዳለ ይህችን ልጅ በእጃቸው አቅፈው ያሳደጓት ያህል ያውቋታል። ታዲያ ዛሬ ፊት የነሷት ምን አድርጋቸው ነው? እሷስ ምንም አላደረገቻቸውም። ነገሩ ከአባቷ ጋር ነው።

አቶ እንዳለ ሐይቅ ከተማ አስፋልት ዳር የግንባታ ዕቃ ሲሸጡ የኖሩ፣ አሁን ሱቁን አከራይተው ያረፉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ያን ሰፊ ግቢ ከአንድ ዘበኛ ጋር ይኖሩበታል። ልጆቻቸው ደሴና አዲስ አበባ ኑሮ መሥርተዋል። ከግቢያቸው አጠገብ ተከራይተው ብዙ ዘመን የኖሩት ልብስ ሰፊው ኑርዬ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች ከሰዓት በኋላ በኑርዬ በረንዳ ላይ ቆርኪ ደርድረው ዳማ ሳይጫወቱ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው። አንዱ ተሸንፎ ሲቆጣ ሌላው ሲስቅ፣ መንገደኛው ቆሞ ያያቸው ነበር።

በኋላ የአስፋልት ዳር ኪራይ ጣሪያ ነካ። ኑርዬ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ከከተማው ጀርባ ወዳለው ልጥፍ ሰፈር ገቡ። ልጥፍ ያሉት አስፋልት ዳር ያሉ ሰዎች ናቸው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው የተሠሩ፣ አንዱ የሌላውን ጣሪያ የተደገፈ የሚመስሉ፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆነ የጭቃ ቤቶች ናቸውና፣ ስሙ ለንቀት ወጣና የሰፈሩ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

አቶ እንዳለ መጀመሪያ አዘኑ። «አይቆይም፣ ይመለሳል» አሉ። ኑርዬ አልተመለሱም። አንድ ቀን አቶ እንዳለ በልጥፍና በአስፋልቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታቸውን የሚያዩ መስለው ወጥተው፣ ዓይናቸውን ወደ ሰፈሩ ወረወሩ። ኑርዬ ከአንድ ወጣት ጋር ዳማ ይጫወታሉ። እየሳቁም ነው። ያንን ሳቅ አቶ እንዳለ ያውቁታል፤ ሆድ አስይዞ የሚያንፈራፍር፣ የራሳቸው ብቻ የሚመስላቸው ሳቅ ነበር። ቦታቸውን ሳያዩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ቅናት የሚገባው በባልና በሚስት፣ በሹመትና በሀብት መካከል ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሽበት ባወጡ ሁለት ወዳጆች መካከልም ይገባል፤ ያውም የሚነግሩት ሰው ስለማይገኝ ብሶ ይገባል። አንድ ሽማግሌ ማንን ጠርቶ «ጓደኛዬን ቀሙኝ» ይላል? አቶ እንዳለም አላሉም። ስለ ሰፈሩ ጭቃ፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ጩኸቱ ብቻ ማውራት ጀመሩ። ኋላ የኑርዬ ሚስት ዑምኩልሱም ታማ የልጥፍ ሰዎች ሐኪም ቤት አድርሰዋት እንደዳነች ከሦስተኛ ሰው ሲሰሙ፣ የቋጠሩት ፈነዳ። «እኔ ሳልሰማ!» አሉ። በማግስቱ ሠራተኛ ጠርተው፣ «መጋዘን ልሠራበት ነው» በሚል ሰበብ፣ የሰፈሩ ሰው ወደ አስፋልቱ የሚቋረጥበትን ባዶ ቦታ በእሾሃማ ሽቦ አሳጠሩት።

አሁን እንግዲህ የዚያ ሰው ልጅ ከጎናቸው ተቀምጣለች።

ሚኒባሱ ትንሽ እንደሄደ ራህመት፣ «ጋሼ፣ አባቴ ሁልጊዜ ያነሳዎታል» አለች።

አቶ እንዳለ መታገስ አቃታቸው። «ያነሳኛል? ቢያነሳኝ አንድ ቀን ይመጣ ነበር! ደግሞ አንቺ የተማርሽ ልጅ ሆነሽ አባትሽን እዚያ ቦታ ማስቀመጥሽ አያሳፍርሽም? አስፋልት ዳር የኖረ ሰው፣ ስሙ የታወቀ ሰው፣ በስተርጅና ከማንም ጋር ግድግዳ ተጋርቶ!»

«'ማንም' ያሏቸው እኮ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ጋሼ።»

«ሽንት ቤቱስ? ለዚያ ሁሉ ቤት የጋራ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ ኑሮ ነው?»

«የጋራ ነው፤ አልዋሽዎትም» አለች ራህመት። «ስንገባ ወላሂ በአጠገቡ ማለፍ ያስጠላ ነበር። እናቴ የመጀመሪያውን ሳምንት ስታለቅስ ነው የከረመችው። ኋላ ሴቶቹ ተሰበሰቡና ተራ አወጡ። ተራው የደረሰው ቤት ያጥባል፣ አመድ ይነሰንሳል፣ በሩ ላይ ውኃና ሳሙና ያኖራል። ወንድ ሴት ተብሎ አይለይም። አባቴም ያጥባል።»

አቶ እንዳለ ዞር ብለው አዩዋት። «ኑርዬ? ኑርዬ ሽንት ቤት ያጥባል?»

«ያጥባል። በእርስዎ ግቢስ ማን ነው የሚያጥበው?»

«ዘበኛው ነዋ!»

«እሱስ የሰው አባት አይደል ጋሼ? ሥራው ለእሱ ካላሳፈረው ለአባቴ ለምን ያሳፍረዋል? ልጆቹን ተቅማጥ ትቷቸዋል፤ ለእኛ ቁም ነገሩ ይህ ነው።»

ፊት የተቀመጡት መንገደኞች ጆሯቸውን ወደ ኋላ እንደጣሉ አቶ እንዳለ አስተዋሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሁን። ክብርስ? ሰው በሚኖርበት ቦታ ይከበራል። አባትሽ አስፋልት ዳር ሳለ ደንበኛው ሁሉ 'አቶ ኑርዬ' ይለው ነበር።»

«ይለው ነበር» አለች ራህመት። «ጋሼ፣ ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም። አስፋልት ዳር ሳለን አባቴ ቀኑን ሙሉ የሚሰፋው ለአከራዩ ነበር። ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ለእኛ የሚተርፈን ያ 'አቶ ኑርዬ' መባሉ ብቻ ነበር። እናቴ የታመመችው ልጥፍ ከገባን በኋላ እንዳይመስልዎት። ሕመሙ የጀመራት በእርስዎ ጎረቤትነት ሳለን ነው። 'የኪራይ ሳምንት ነው፤ ይለፍ' እያለች ደበቀችው። ሳምንቱ ሲያልፍ ሌላ የኪራይ ሳምንት ይመጣል። እኛ ክብራችንን ስንከራይ እናታችን ልታልቅብን ነበር።»

«አጠገባችሁ ነበርኩ እኮ!» አሉ አቶ እንዳለ፤ ድምፃቸው ሰለለ። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ብለን? ባላቸው ሰዎች መካከል ስንኖር ያለን መምሰል ነበረብን። በበዓል የሌለንን እንደግሳለን፤ መጋረጃው ሳያረጅ እንቀይራለን። ልጥፍ ውስጥ ግን ሁሉም ያው ነው። ሽንኩርት ሲያልቅብን አልቆብናል እንላለን። በኪራዩ ልዩነት እናቴ ታከመች፤ አባቴም የተሻለ የስፌት መኪና ገዛ። እንደ ጀነት አላወራልዎትም፤ ክረምት ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ በጋ ቆርቆሮው ያቃጥላል፣ በቦኖ ውኃ ተራ ሴቶቹ የሚሰዳደቡበት ቀን አለ። ባልና ሚስት ሲጣሉ መስማት የማይፈልግ ሰው እንኳ ይሰማል። ግን ጋሼ፣ ስለሚሰማ ነው የሚገላግላቸው የሚገኘው።»

የሰው ልብ በክርክር ሲሸነፍ፣ አፍ ሌላ መውጫ መፈለጉ አይቀርም። አቶ እንዳለም ያላሰቡት ቃል አመለጣቸው።

«ያ ልጅ ግን ዳማ አይችልም!»

«የቱ ልጅ?»

«ያ... ከአባትሽ ጋር የሚጫወተው! ከሩቅ አይቼዋለሁ። አቀማመጡ ራሱ የዳማ አይደለም!»

ራህመት ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። «አናጺው ባድሩ ነው» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ጋሼ፣ እርስዎን ያናደደዎት የሰፈሩ ጭቃ ነው ወይስ ባድሩ?»

አቶ እንዳለ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ጆሯቸው ግን ቀላ።

ሐይቅ መናኸሪያ ሲወርዱ ዝናብ ይጥላል። ራህመት፣ «አባቴ ቢያይዎት ደስ ይለዋል፤ ቤት ይምጡ» አለቻቸው። አቶ እንዳለ እንቢ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ሳሉ እግራቸው ተከተላት። የሽቦው አጥር ጋ ሲደርሱ ራህመት ወደ ግራ ታጠፈች። እሳቸውም ባሳጠሩት አጥር ዳር ዳር፣ በጎርፍ መውረጃው በኩል፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቁልቁል ወረዱ፤ ከዚያ ዳገቱን ወጡ። ጫማቸው በጭቃ ተያዘ። ከፊታቸው አንዲት አሮጊት ጀሪካን አዝላ፣ በእጇ ድንጋዩን እየቧጠጠች ትወጣለች። ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። አቶ እንዳለ ሊያግዟት ቀረብ ሲሉ ዞር ብላ አየቻቸው።

«የሽቦው ባለቤት እርስዎ ነዎት አይደል?» አለቻቸው። ጎመንና ሽንኩርት የምትቸረችረው ባንቺአየሁ ነበረች። «ጉልበቴን ጨረሱት እኮ! ምን በደልንዎ?»

አቶ እንዳለ ጀሪካኑን ተቀብለው ተሸከሙ። ምን ይበሉ? ወዳጄን ወሰዳችሁብኝ ይበሉ?

ኑርዬ ከደጃፋቸው፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ሆነው ሱሪ ይሰፋሉ። ጫማው በጭቃ ተይዞ፣ ጋቢው ረጥቦ፣ ጀሪካን ይዞ የቆመውን ሰው ሲያዩ እግራቸው ከመኪናው መርገጫ ላይ ቆመ።

«እንዳለ?»

«እኔ ነኝ።»

«በየት መጣህ?»

«በዙሪያው።»

«እኛም በእሱ ነው የምንመጣው» አሉ ኑርዬ።

ይህን ካሉ በኋላ ወንበር አቀረቡላቸው። አቶ እንዳለ ግን አልተቀመጡም። «አንድ ነገር ጠይቄህ እሄዳለሁ። ዑምኩልሱም ስትታመም ለምን አልላክህብኝም? እኔ ምንህ ነበርኩ? ትናንት የተዋወቅኸው አናጺ በላጭ ሆኖ...»

«መጥቼ ነበር» አሉ ኑርዬ።

«ምን?»

«እኔ ራሴ መጥቼ ነበር። በርህን አንኳኳሁ። ዘበኛህ በቀዳዳው አየኝና 'ማን ልበል?' አለኝ። ጢሜ እስኪሸብት አጠገብህ የኖርኩትን ሰው! ስሜን ነገርኩት። 'ተኝተዋል' አለኝ። ልጮህ ነበር፤ አፈርኩ። ስመለስ ባድሩ ጋሪ አምጥቶ፣ ይህች ባንቺአየሁ ሚስቴን ደግፋ እየጠበቁኝ ነው። አልጠራኋቸውም። ማቃሰቷን በግድግዳው ሰምተው ነው። እንዳለ፣ ሀቂቃውን ልንገርህ፤ አንተን ከልቤ አላወጣሁህም። ያንን የብረት በር ማንኳኳት ግን መረረኝ። እዚህ በር የምንዘጋው ለብርድ ነው።»

«ዘበኛው አልነገረኝም» አሉ አቶ እንዳለ።

«አውቃለሁ። ብትሰማ በባዶ እግርህም ቢሆን ትመጣ ነበር። ግን አንተስ? ከሄድኩ ወዲህ አንድ ቀን 'ኑርዬ የት ገባ?' ብለህ ደጃችንን ረግጠህ ታውቃለህ? እኔ ስመጣ ሰው ሊለምን የመጣ እመስላለሁ፤ አንተ ብትመጣ ግን ወዳጅ ሊጠይቅ የመጣ ነው የምትባለው። መምጣቱ ለማን ይቀል ነበር?»

አቶ እንዳለ ያኔ ተቀመጡ። ጀሪካኑ እግራቸው ሥር ነበር። «ቀንቼ ነው» አሉ። «ስትስቅ አየሁህ። ከእኔ ጋር የምትስቀውን ሳቅ። ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ሽቦውንም ያጠርኩት ለዚሁ ነው፤ የምሠራው መጋዘንም ምንም የለም።»

ኑርዬ ጠጋ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አሳረፉና፣ «አብሽር!» አሉ። «በእኔ የሚቀና ሰው መኖሩን ሳላውቅ ልሞት ነበር።»

ዑምኩልሱም ከውስጥ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም ወጣች። በሰፊ ትሪ የተጠበሰ የሐይቅ ዓሣ መጣ። ባንቺአየሁ ተጠራች። ባድሩም መጋዝና መዶሻውን አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ ተጠጋ። አቶ እንዳለ በዓይናቸው ለኩት። እንዳሰቡት የሸንጋይ መልክ የለውም፤ ከሰው ፊት ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርግ የማያውቅ አይነት ልጅ ነው። ከምግብ በኋላ ቆርኪ ደርድረው ሁለት ጊዜ ገጠሙት። ባድሩ ሁለቱንም ጊዜ አሸነፋቸው። ኑርዬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አቶ እንዳለም መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ራሳቸውን መያዝ አቅቷቸው አብረው ተንፈራፈሩ። ሳቅ ለሌላ ሰው ሲደርስ የሚጎድል ነገር አለመሆኑን፣ ይህን ያህል ዘመን ኖረው ያን ቀን ገባቸው።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አቶ እንዳለ ልብሳቸውን ቀይረው ከባድሩ ጋር ሽቦውን ነቀሉ። ምሰሶው ሲወድቅ ያየች ራህመት መጥታ ቆመች።

«መንገዱን ከፈትኩት» አሉ። «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ምክር የምታውቂ አንቺ ነሽ።»

«ካላስቀየምኩዎት ልናገር?»

«ከትናንቱ የባሰ ምን ትናገሪያለሽ!»

«ይህ ቦታ ባዶ ነው፤ እርስዎም ብቻዎን ነዎት። በከተማችን ደግሞ ወጣት አስተማሪ፣ ነርስ፣ አናጺ ግማሽ ደመወዙን ለኪራይ እየሰጠ ይኖራል። አነስ አነስ ያሉ ቤቶች ቢሠሩበትና በሚቻል ዋጋ ቢያከራዩስ? ግን የልጥፍን ጉድለት አይድገሙት። ውኃ በየደጁ ይግባ፣ ሽንት ቤቱ ከቤቱ ራቅ ብሎ በቁጥር በቂ ይሁን፣ የጎርፍ መውረጃው ከመሠረቱ በፊት ይቆፈር፤ ባጃጅም ሕመምተኛ ይዞ የሚገባበት መንገድ ይተዉ። መካከሉን ክፍት ይተዉት፤ ሰው የሚገናኝበት ይሁን።»

«በሚቻል ዋጋ ካከራየሁ ምን አተርፋለሁ?»

«ከአስፋልቱ ያነሰ ያተርፋሉ። ግን ቤትዎ ባዶ አያድርም፤ ተከራይዎም ኪራይ ጨመረ ብሎ በየዓመቱ ዕቃ አይጭንም። ሰው ተረጋግቶ ሲኖር ግድግዳውን እንደራሱ ይለስናል፣ ዛፍ ይተክላል፣ የጎረቤቱን ልጅ ይቆጣል። ከተማ የሚባለው እኮ ይኸው ነው፤ ፎቅ ብቻ አይደለም።»

አቶ እንዳለ ብዙ አሰቡ፤ ልጆቻቸውንም አማከሩ። ፈቃዱን አውጥተው በበጋው ሥራ ጀመሩ። አናጺው ባድሩ ነበር። ኑርዬ ደግሞ በየቀኑ መጥተው፣ አንድም ምስማር ሳይመቱ፣ ለሁሉም ነገር አስተያየት ይሰጡ ነበር። ቤቶቹ ሲያልቁ አንድ አስተማሪ፣ አንዲት ነርስና አንድ ጋሪ ነጂ ገቡባቸው። አቶ እንዳለ ትልቁን ቤታቸውን ለመዋዕለ ሕፃናት አከራዩና እሳቸውም ከአዲሶቹ ቤቶች አንዱን ያዙ። ዘበኛውም አብሯቸው መጣ፤ አሁን የሚጠብቀው በር ስለሌለ አትክልት ይኮተኩታል።

አንድ ቀን ማምሻውን፣ አስፋልት ዳር ፎቅ እየሠራ ያለው ነጋዴው አብዱልመናን መኪናውን አቁሞ ወደ ግቢው ገባ።

«ጋሽ እንዳለ፣ ሰው ሁሉ ስለ እርስዎ እያወራ ነው» አለ። «ያን የመሰለ ቤት ትተው ከጋሪ ነጂ ጋር! በዚህ ቦታ ላይ ፎቅ ቢያቆሙ ኖሮ...»

«ፎቅ ባቆም ኖሮ ኪራዬን እቆጥር ነበር» አሉ አቶ እንዳለ፣ የሚደረድሩትን ቆርኪ ሳይለቁ። «አሁን ነርሷ ደሜን ትለካኛለች፤ እኔ ልጇን አስጠናለሁ። ጋሪ ነጂው ሲመሽ እህል ሲጭን ውሎ የሰማውን ወሬ ያመጣልኛል። በአቅሙ ቤት ያገኘ ሰው ከደመወዙ ይተርፈዋል፤ የተረፈው ልጁን ያስተምራል፣ ሳይዘገይ ይታከማል፣ ለሰው ደስታና ሐዘንም ይደርሳል። አስፋልት ዳር ሳለሁ ጎረቤቴ በረሃብ ቢሞት በሽታ ነው ብለው ይነግሩኝ ነበር። ይህን ያስተማረኝ የአንዲት ልጅ ምክርና የራሴ ቅናት ነው።»

ግቢው መካከል ኑርዬ ከጋሪ ነጂው ጋር በአንድ በማይሰማ ነገር ይሳሳቃሉ። ሴቶቹ ከየደጃቸው ሆነው ስለ ነገው ገበያ ይጯጯሃሉ። ነጋዴው ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ቆየ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትስቁት?» አለ በመጨረሻ።

አቶ እንዳለ ቀና ብለው አዩት። በድምፁ ውስጥ ያለውን ነገር ወዲያው ለዩት፤ በራሳቸው ሆድ ውስጥ ወራት ያሳደሩት ነገር ነበርና። አልሳቁበትም። አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

አብዱልመናን መጀመሪያ ሰዓቱን አየ። ቀጥሎ መኪናውን አየ። ከዚያ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተና ተቀመጠ።